«አሁን ደህና ነኝ» የሚለው ስሜት ለምን ያሳስታል?

ጠጥቶ የሚነዳ ሰው «ሰክሬያለሁ፣ ግን ልንዳ» አይልም። «ደህና ነኝ» ብሎ ነው ሞተር የሚያስነሳው። አልኮል ገና በትንሽ መጠን ራስን የመመዘን ችሎታ ስለሚያዳክም፣ ፍርዱን የሚሰጠው የተነካው አእምሮ ራሱ ነው።

5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል ይይዛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ አራቱን ቶሎ ቶሎ ቢጠጣ የደሙ አልኮል ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለሚነዳ ሰው የተፈቀደው ወሰን 0.08፣ በዩታ 0.05 ነው። ተመሳሳይ ክብደት ያላት ሴት ያንኑ ያህል ብትጠጣ ደግሞ ከ0.10ም ታልፋለች። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው 0.015 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ 0.10 የደረሰ ሰው ደሙ የሚጠራው ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ነው። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ይህን አያፋጥንም፤ ቡና እንቅልፍ ያባርራል እንጂ አልኮል አያወጣም።

በጣም የሚያሳስበኝ መጠኑ መውረድ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ሞቅታው በረድ ሲል ሰውየው የነቃ ይመስለዋል፤ ፍሬን ለመርገጥ የሚፈጅበት ጊዜ ግን ገና አልተስተካከለም። ቁልፍ የሚነሳው ያኔ ነው።

የቤት ጠጅና አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ብርሌ ቆጥሮ ማስላት አይቻልም።

ውሳኔው ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ይለቅ፦ መኪናውን ቤት ትቶ በታክሲ መሄድ፣ ወይም ቁልፉን ጨርሶ ለማይጠጣ ሰው መስጠት። «ትንሽ የጠጣው ይንዳ» የሚለውን ስምምነት አትቀበሉ፤ ትንሽ መጠጣቱን የሚመሰክረው ራሱ ጠጪው ነውና።