አውቆ አለማወቅ

ሰሞኑን ልቤን ከበድ ብሎት ሰንብቷል። ምክንያቱ ሌላ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አውሮፕላን ለማብረር የሚያስፈልገኝ የሕክምና ሰርተፍኬቴ ጊዜው የሚያበቃው በዚህ ወር የመጨረሻ ቀን መሆኑን ሳይ የሚያስጨንቀኝ ምን እንደሆነ ገባኝ። ባለፈው ስመረመር 40 ዓመት ስላልሞላኝ፣ ለግል አብራሪ የሚበቃው ሦስተኛው ደረጃ ሰርተፍኬት ለ60 ወራት አገልግሎኛል፤ አሁን ባሳድሰው ግን የሚሰጠኝ 24 ወር ብቻ ነው። እዚህ አሜሪካ ሕጉ ዕድሜን የሚቆጥረው በምርመራው ዕለት በመሆኑ፣ ከ40ኛ ልደቱ ዋዜማ የተመረመረ የግል አብራሪ አምስት ዓመት ሲያገኝ፣ ከልደቱ ማግሥት የተመረመረው የሚያገኘው ሁለት ዓመት ነው።

መብረር የጀመርኩ ሰሞን አስተማሪዬ፣ ሙያዬ ላደርገው ካሰብኩ አስቀድሜ ከሁሉ ከፍ ባለው በመጀመሪያው ደረጃ እንድመረመር መክረውኝ ነበር። ያ ሰርተፍኬት ጊዜ ሲያልፍበት ወዲያው አይሻርም፤ ዕድሜው 40 የሞላ ሰው ይዞት ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ እንደ ሁለተኛ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ እንደ ሦስተኛ ደረጃ ያገለግለዋል። ይሁን እንጂ ለግል አብራሪ የደረጃው ከፍታ ተጨማሪ መብት አያስገኝለትም። በክፍያ ሰው ማጓጓዝ የሚከለክለው የአብራሪነት ፈቃዱ ስለሆነ፣ የጤና ወረቀቱ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ያንን አይለውጥም። እኔም ቤተሰቤን ይዤ ከመብረር ያለፈ ሐሳብ ስላልነበረኝ፣ የልብ ምርመራ የማይጠየቅበትንና በእይታም ረገድ ቀለል ያለውን ሦስተኛውን መረጥኩ።

አሁን ሌላም አማራጭ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቤዚክሜድ በተባለው አሠራር፣ ከጁላይ 14 ቀን 2006 ወዲህ ሰርተፍኬት ይዞ የሚያውቅ አብራሪ ቢያንስ በየ48 ወሩ ፈቃድ ባለው በማንኛውም ሐኪም ከተመረመረና በየ24 ወሩ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ትምህርት ከወሰደ ደረጃ ያለው ሰርተፍኬት ሳይዝ መብረር ይችላል። ከ18,000 ጫማ በላይ መውጣትና ከ250 ኖት በላይ መፍጠን አይፈቀድለትም፤ ከስድስት መንገደኞች በላይ ማሳፈርም አይችልም። ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ለሚያበርር እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ሁሉ ገደብ ሊባል አይችልም።

አንድ ወዳጄ «ያልጠየቀ አይከለከልም፤ ዝም ብለህ ወደ ቤዚክሜድ ግባ» ይለኛል። በሕጉ በኩል ስመለከተው እውነቱን ነው። ለሦስተኛው ደረጃ አመልክቼ ብከለከል፣ ክልከላው እስካልተነሣ ድረስ ቤዚክሜድም ይዘጋብኛል፤ በመንጃ ፈቃድ ብቻ የሚበረርበት የስፖርት አብራሪነት መንገድም እንዲሁ። ሳያመለክት ሰርተፍኬቱ ጊዜው ላለፈበት ሰው ግን ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው። ስለ ጤናው በግልጽ ጠይቆ እምቢ የተባለው ከዝምተኛው የባሰ ቦታ ላይ መገኘቱ ዘወትር ያሳዝነኛል።

ለምርመራው የሚሞላውን ቅጽ ከፍቼ አነበብኩት። በሕይወት ዘመንህ በማናቸውም ጊዜ ደርሶብህ ያውቃል ወይ ብሎ ከራስ ምታት ይጀምርና ማዞርን፣ ራስን መሳትን፣ የዓይን ችግርን፣ የደም ግፊትን እያለ ወደ ጭንቀትና ወደ ድብርት ይደርሳል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ያየህን የሕክምና ባለሙያ ሁሉ ከነምክንያቱ ጻፍ ይላል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ በሰው ሕይወት ላይ ኃላፊነት የሚሸከም ሰው ሊጠየቃቸው ይገባል። ነገር ግን እንቅልፍ አልወስድ እያለው ሲንገላታ የከረመ አንድ አብራሪ ጓደኛዬ፣ ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ፈርቶ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ ቀርቷል። መርማሪው ጉዳዩን ወደ አቪዬሽን አስተዳደሩ ቢመራበት ውሳኔው ብዙ ወራት ሊወስድ እንደሚችል ያውቃልና አልፈርድበትም። ሆኖም በዚያ ድካሙ መሪ ሲጨብጥ ማሰብ እንቅልፍ የሚነሳው እኔንም ሆኗል።

ወረቀቱ የጸና ቢሆን እንኳ፣ ለመብረር ብቁ የማያደርግ ሕመም እንዳለበት የሚያውቅ ወይም ሊያውቅ የሚገባው ሰው እንዳይበርር ሕጉ ያዛል። ይህ ትእዛዝ ደረጃ ለያዘውም በቤዚክሜድ ለሚበርረውም ያው ነው። በሁለት ምርመራዎች መካከል ባሉት ዓመታት ሁሉ፣ በየማለዳው አውሮፕላኑን ከመፈተሼ በፊት ራሴን የምመረምረው እኔው ነኝ። ስለዚህ የትኛውን መንገድ ልምረጥ የሚለው ጥያቄ አሁን ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የማላውቀውን ሕመም ሕጉ አይጠይቀኝም፤ እንዳላውቀው ብዬ ሆን ብዬ ሐኪም ፊት ያልቀረብኩበትንስ ሕመም «አላውቀውም» ማለት እችላለሁን?