«ብሉልኝ» የማይባልበት ማዕድ

ፊንላንዳውያን ምሳ የሚጀምሩት በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሄልሲንኪ የገባሁት በግንቦት መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን ነበር። እዚያ ትዳር ይዞ የሚኖረው ጓደኛዬ ሻንጣዬን እንኳ በወጉ ሳላሳርፍ «ቶሎ በል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ምሳ ብትል የሚሰማህ የለም» ብሎ አንድ ምሳ ቤት ይዞኝ ሄደ።

ሐሙስ መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ሆነ። በፊንላንድ ሐሙስ የአተር ሾርባ ቀን ነው። በምሳ ቤቱም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በጦር ሰፈሩም የሚቀርበው እሱ ነው። ደረቁ አተር ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድርና እስኪፈርስ ይቀቀላል። ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ሰናፍጭ ይደረጋል፤ በደቃቁ የተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት የሚነሰንሱበትም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አይጠፋውም። እኔ ሥጋ የሌለውን አስቀዳሁ። ለማወራረጃ በምድጃ የተጋገረ ወፍራም ፓንኬክ ከማርማላታ ጋር ይከተላል።

ለምን ሐሙስ? ከጾም ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። አገሩ ካቶሊክ በነበረበት ዘመን ዓርብ ይጾም ስለነበር ሐሙስ ጠገብ የሚያደርግ ነገር ይበላ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቡ ወደ ሉተራን ሲዞር የዓርቡ ጾም ቀረ፤ የሐሙሱ ሾርባ ግን እስከዛሬ አለ። ጾሙን ትተው ቅበላውን ያዙ ማለት ነው! እኔም ብሆን በዓለ ሃምሳ ስለነበር በማግስቱ የምጾመው ዓርብ አልነበረኝም።

«የእኔም ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት የበላችው ይሄንኑ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። ምሳዋ በነፃ ነው። ሕጉ በ1943 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከ1948 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ውሏል። በዚያ ድህነትና ጦርነት መሃል እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣታቸው ከበላሁት ሁሉ በላይ ነው የገረመኝ።

በማግስቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ኩኦፒዮ ከተማ በባቡር ሄድን። አራት ሰዓት ያህል ነው። ጫካ፣ ሐይቅ፣ ደግሞ ጫካ። የጓደኛዬ አማት የሚኖሩት እዚያ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ጠረጴዛው ላይ ቅቤ፣ ጥቁር ዳቦ፣ አንድ ማሰሮ ወተትና በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ድፎ ነገር አለ። ወተቱ ለልጆች መስሎኝ ነበር። ጎልማሳውም ሽማግሌውም ከምግብ ጋር በብርጭቆ እያስቀዳ ይጠጣዋል።

የተጠቀለለው ካላኩኮ ነው፤ የኩኦፒዮ ሰው የሚኮራበት ምግብ። ሴትዮዋ ጨርቁን ፈተው አናቱን ዙሪያውን በቢላ ቆረጡና እንደ መሶብ ክዳን አነሡት። እንፋሎቱ ቡፍ አለ። ውስጡ ጣት በሚያህሉ የሐይቅ ዓሣዎች ጢም ብሏል። ዓሣው በጥሬው በሊጥ ተጠቅልሎ ሙቀቱ ዝቅ ባለ ምድጃ ውስጥ ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ አጥንቱ ይሟሟል። መልቀም የለ፣ መትፋት የለ፣ እንዳለ ይጎረሳል። ዳቦው ሰሃንም ነው፣ ምሳ ዕቃም ነው፤ ድሮ ገበሬውና እንጨት ቆራጩ ይዞት የሚወጣው ይሄንኑ ነበር። ደንቡ በዓሣው መሃል የአሳማ ጮማ መደርደር ነው። አማቲቱ ግን አማቻቸው አሳማ እንደማይበላ ካወቁ ወዲህ በጮማው ፋንታ ቅቤ ያደርጉለታል። ስለዚህ ጉዳይ ያወሩት አንዳች ነገር የለም፤ ዝም ብለው አደረጉት።

መጀመሪያ የሚበላው ክዳኑ ነው፣ ቅቤ ተቀብቶ። ዱቄቱ ራይ ከሚባለው እህል ነው። ጠቆር ይላል፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ለእንጀራ በላተኛ አፍ እንግዳ አይደለም። ድሮ የዳቦው ቡሃቃ አይታጠብም ነበር፤ ጠርዙ ላይ የደረቀው ሊጥ ለሚቀጥለው እርሾ ይሆናል። አገሪቱ ነፃነቷን ያገኘችበትን 100ኛ ዓመት በ2017 ስታከብር ሕዝቡ ብሔራዊ ምግብ ብሎ የመረጠው ይህንኑ የራይ ዳቦ ነው።

ጎን ለጎን የካሬሊያ ፓይ ቀርቧል። ስስ የራይ ቂጣ፣ መሃሉ ላይ የሩዝ ገንፎ፣ ጠርዙ በጣት ተቆንጥጦ የታጠፈ። ከላይ ተቀቅሎ በቅቤ የተፈጨ እንቁላል ይደረግበታል። ሴትዮዋ ጠርዙን ሲቆነጥጡ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው፤ እጃቸው ብቻውን ይሠራል። የተማሩት ከእናታቸው ነው። እናትየው የምሥራቅ ፊንላንድ ግዛት የነበረችው የካሬሊያ አብዛኛው ክፍል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሶቪየት ኅብረት ሲሰጥ ከቀያቸው ከተነሡት ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ነበሩ። ተፈናቃዩ በየአውራጃው ሲሰፍር ፓዩም አብሮ ተበተነ። ዛሬ የማይሸጥበት ሱፐርማርኬት የለም። የሱፐርማርኬቱ ግን ቂጣው ይወፍራል፤ አልወደድኩትም።

አሁን ወደ ግብዣው ልምጣ። ሴትዮዋ «እባካችሁ፣ አንሡ» አሉ። አንዴ። ከዚያ በኋላ ቃል የለም። ሰሃኔ ባዶ ሆነ። እንደ ልማዴ «ኧረ ጨምር! በሞቴ!» እስክባል ጠበቅኩ። ማንም ቀና አላለም። ጉርሻማ አታስቡት። ጓደኛዬ ጠጋ ብሎ «ለማኝ የለህም፤ ራስህ አንሣ» አለኝ። አነሣሁ፣ ደግሜም አነሣሁ። የሚቆጥርብኝ የለም፣ ስተው የሚከፋብኝ የለም። እናቴ ብታየው «ምን ዓይነት ንፉግ ቤት ነው» ትል ነበር። ለእኔ ግን ተመችቶኛል። ከማዕድ ሲነሡ ለባለቤቲቱ «ኪቶስ»፣ አመሰግናለሁ፣ ይባላል፤ በቃ።

ቡና ላይ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ፊንላንዳዊ በነፍስ ወከፍ በዓመት አሥር ኪሎ አካባቢ ቡና ይጠጣል፤ በዓለም ላይ ከቀዳሚዎቹ ነው። የሚበዛው የብራዚል ነው። ቆላቸው ለጋ ነው፣ በፊልተር ይወርዳል፣ ለእኛ ሰው ሻይ ሊመስለው ይችላል። አብሮት ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ይቀርባል። እሱን አትለፉት። (ሳልሚያኪ የሚሉትን ጥቁር ጨዋማ ከረሜላ ግን እለፉት።)

ሲኒዬ ገና ሳይጎድል ይሞላል። ማን ጠየቀ፣ ማን ፈቀደ! ሦስተኛውን ጨርሼ ለጓደኛዬ «በረካውን ጠጥቻለሁ፣ በልልኝ» አልኩት። እሱ ሳቁን ይዞ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አራተኛው ተቀድቶ ነበር።