ረቂቁ አለቀ

ዛሬ ኅዳር 30 ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ረቂቅ ጨረስኩ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ጻፍኩና አራት ነጥብ አደረግኩባት። ፋይሉን ወዲያው ለሁለቱ ጓደኞቼ በቴሌግራም ላኩት። ላፕቶፑ ቢበላሽ እንኳ የሆነ ቦታ ይኑርልኝ ብዬ ነው። ከዚያ ቢሮ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

በወር ልብ ወለድ መጻፍ በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 21 ሰዎች የጀመሩት ነገር ነው። ኋላ ዓለም ሁሉ በየኖቬምበሩ ይሳተፍበት ጀመር። ልኩ በ30 ቀን 50 ሺህ ቃላት፣ በቀን 1,667 ገደማ ነው። ይመራው የነበረው ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. እንደሚዘጋ አስታውቋል። ሐሳቡ ግን የማንም ነው። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ኅዳርን መረጥን፤ የኛ ወር እንደሁ ምንጊዜም ድፍን 30 ነው። ልኩን ግን ወደ 30 ሺህ አወረድነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አዝሎ ስለሚሄድ፣ በኛ ቋንቋ 50 ሺህ ቃል በጣም ረጅም መጽሐፍ ነው።

ሌላው ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም የሚል ነው። ለኔ ሁሉን ነገር የለወጠችው ይህች ሕግ ናት።

ታሪኩ ድሬዳዋ ነው። አባቷ ሽመንደፈር የሚሠራ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ያደገች ልጅ አለች። ሳስበው የነበረው ስለ አባትየውና ስለ ባቡሩ መጽሐፍ ነበር። የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ በአንድ ገጽ ያልፋል ብዬ ነበር። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በዚያ ክረምት ግን ሌሊት ከደጋው የወረደው ውሃ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ።

እዚያ ገጽ ላይ የደረስኩት በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነበር። መስኮት ዘግቼም ዓይኔ ያነባል። በ1911 በኅዳር በሽታ ያለቁትን አዲስ አበባ ይኸው እስከ ዛሬ በጭስ ታስባቸዋለች። ለድሬ ሙታን አንድ ገጽ እንደማይበቃ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። የዚያን ሌሊት ውሃው ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው ጠየቅኳት።

«አቦ፣ ድምፁን ተዪው» አለችኝ። «ሽታው ነው እንጂ የማይለቀኝ። ቤቱን ስንት ጊዜ አጥበን፣ ስንት ጊዜ አጥነን፣ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር።»

ከዚያ ስለ አሸዋው ነገረችኝ። ከሳምንታት በኋላ እንኳ ከጀበናው አንገት አሸዋ ይወጣ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ያንን አሸዋ ጻፍኩ። ልጅቱ የአባቷን ሳጥን ትከፍታለች። የሥራ ልብሱን አውጥታ ታራግፋለች። ኪሱን ስትገለብጥ አሸዋ ብቻ ነው። በየቁልፉ ቀዳዳ የገባውን በመርፌ እየቆፈረች ታወጣለች። ይህንን ስጽፍ የቀኑን ልክ ማለፌን እንኳ አላወቅኩም፤ ቢሮ የገባሁት ቁርስ ሳልቀምስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ግማሽ መጽሐፍ የዚያች ልጅ ነው። አባትየው ወደ ጎን አለ። መጀመሪያ ላይ ያሉት ምዕራፎችና መጨረሻው አሁን አይገጣጠሙም፤ አንዱ ጎረቤት ሁለት ስም አለው፤ እናትየው ደግሞ መሃል ላይ ድምጿ ጠፍቷል። አውቄ ነው ያለፍኳቸው። ተመልሼ ማስተካከል ብጀምር ኖሮ ጎርፉ ጋ አልደርስም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ምዕራፍ ከሌለ ይህ መጽሐፍ ባይኖርም ግዴለኝም።

እስከ ገና አልነካውም። ጓደኞቼም የየራሳቸውን ይዘው ያርፋሉ፤ አንደኛዋ ገና ሁለት ምዕራፍ ይቀራታል፣ ዛሬ ማታ አብረናት እናመሻለን። ለበዓል ድሬ ስወርድ የጎርፉን ምዕራፍ በትልልቅ ፊደል አትሜ ለአክስቴ እወስድላታለሁ። ይሄ ልክ አይደለም ያለችውን ሁሉ ከዳር እመዘግባለሁ። የአባትየውን ምዕራፎች እንደገና መጻፍ የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።