ሰይፉ ሳይመዘዝ በፊት፦ የድሮ የቻይና ፊልሞችን ለትወናቸው ስል እንዴት እንዳየኋቸው

የድሮ የቻይና የሰይፍ ፊልሞችን ለትወናቸው ብሎ የሚያይ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ሰው የሚያያቸው ለድብድቡ ነው። በቪዲዮ ቤት ዘመን እኛ ሰፈር ሁሉም በአንድ ስም «ካራቴ ፊልም» ነበሩ። ሰይፍ ቢይዙም፣ ዱላ ቢይዙም፣ ባዶ እጃቸውን ቢሆኑም ያው ነው። ዋናው ሰውዬ «አክተሩ» ይባላል። አክተሩ አይሞትም፣ አለቀ።

እኔን ወደ ትወናው የመራኝ የትያትር ክበባችን አዘጋጅ ነው። መድረክ ላይ በወጣሁ ቁጥር «እጅሽ ከአፍሽ በላይ ያወራል» ይለኛል። ዝም ብሎ መቀመጥን የሚያስተምረኝ ነገር ስፈልግ ነው በ1960ዎቹ የሆንግ ኮንግና የታይዋን ፊልሞች ውስጥ የገባሁት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አስተማሪ የለኝም፤ ያለኝ ላፕቶፕና የሚነጫነጭ ታናሽ ወንድም ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ድምፁን ማጥፋት ነው። ቀልዴን አይደለም። የሾው ብራዘርስ ስቱዲዮ ፊልሞች ሲቀረጹ ድምፅ አብሮ አይቀረጽም ነበር። ንግግሩ የሚገባው በኋላ ነው፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው ድምፅ። እኛ ዘንድ የደረሰው ቅጂ ደግሞ በዚያ ላይ እንግሊዝኛ የተደረበበት ነው፤ ከንፈሩ ከተዘጋ በኋላ ሰውየው ንግግሩን ይቀጥላል። ይህን ሰምቶ «ትወናቸው አይረባም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ተዋናዩ በእርግጥ የሰጠን አንገቱን፣ ትከሻውንና ዓይኑን ነው። ድምፁ ሲጠፋ እነሱ ይወጣሉ።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ ያየሁት ዳይሬክተር ኪንግ ሁ የሠራውን «ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ» (1966) ነው። የአንድ አገረ ገዥ ልጅ በሽፍቶች ተይዟል። አለቃችን ካልተፈታ አንለቀውም ብለዋል። ልታስለቅቀው የምትመጣው እህቱ ናት፤ «ጎልደን ስዋሎው» የሚል ስም የወጣላት ሰይፈኛ። የለበሰችው የወንድ ልብስ ነው። እኛ ሴት መሆኗን ወዲያው እናያለን፤ ቢሆንም ወንድ ናት ብለን እንድንቀበል ይጠበቃል፣ እንቀበላለንም።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ገብታ መጠጥ ታዛለች። ሽፍቶቹ እየገቡ ጠረጴዛዎቹን ይሞላሉ። ሌላው ደንበኛ ነገሩ ሲሸተው ሹልክ እያለ ይወጣል። ከዚያ ነገር ፍለጋ ይጀመራል፤ ዕቃ ይወረወርባታል። እሷ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አትልም። ይህን ትዕይንት ሌላውን ሁሉ ትቼ እሷን ብቻ እየተከተልኩ ደጋግሜ አየሁት። እጇ ሲሄድ ትከሻዋ አይከተለውም። ዓይኗ ቀድሞ ዒላማው ላይ ያርፋል፣ እጇ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የተወረወረውን ከመለሰች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ መጠጧ ትመለሳለች። ቁጣም፣ የድል ፈገግታም የለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የምታስፈራው እሷ የሆነችው ሰይፏን ሳትመዝ ነው።

ጎልደን ስዋሎውን የተጫወተችው ቼንግ ፔይ-ፔይ ያኔ 20 ዓመት ቢሆናት ነው። ልጅ ሆና የሰለጠነችው በባሌ ዳንስ እንጂ በኩንግ ፉ አይደለም። ዳይሬክተሩ ኪንግ ሁም ቢሆን ድብድቡን የሚቀዳው ከፔኪንግ ኦፔራ (ዘፈንና አክሮባት ካለበት የቻይና ባህላዊ ትያትር) እንጂ ከውጊያ ጥበብ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገር ነበር።

እሱን ሳነብ ነው ኦፔራውን ራሱን ላየው የወሰንኩት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ጆሮዬ አልቻለውም። ያሸነፈኝ «ሳን ቻ ኮው» የተባለው አጭር ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች ማረፊያ ቤት ውስጥ በድቅድቅ ጨለማ ይዋጋሉ። የመድረኩ መብራት ግን ቦግ ብሎ በርቷል! ጨለማውን የሚፈጥሩት በገላቸው ነው። አንዱ አየሩን ይዳስሳል፤ ሌላው ስንዝር በማይሞላ ርቀት በጎኑ ያልፋል፤ ሰይፍ በአፍንጫ ስር ሲያልፍ ባለአፍንጫው አያውቅም። ከዚያ በድንገት ሁለቱም ድርቅ ይላሉ፣ ጎንጉ (ሳህን የሚመስለው የነሐስ መሣሪያ) ይመታል፣ ፊታቸውን እናያለን፣ እንደገና ይቀጥላሉ።

ከዚያ በኋላ የኪንግ ሁ ድብድብ ምት ገባኝ። ሩጫ፣ ቀጥ፣ እይታ፣ እንደገና ሩጫ። ውጊያውን የሚያቀናብርለት ሃን ዪንግ-ቺየ ራሱ የኦፔራ ልጅ ነው። «ገጸ ባህሪያቱ ስስ ናቸው» የሚለው ወቀሳም ከዚያ ወዲህ አያሳምነኝም። ጎልደን ስዋሎውን የሚገጥማት ጄድ ፌስድ ታይገር ነጭ ይለብሳል፣ ፊቱ ነጭ ተቀብቷል፣ እጁ ላይ ማራገቢያ አለ። በኦፔራው ነጭ ፊት የተንኮለኛ ነው፣ ቀይ ፊት የታማኝ። የአገሬው ተመልካች ሰውየው ገና ብቅ ሲል ማን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ተዋናዩ «ክፉ ነኝ» ለማለት ጊዜ አያባክንም፤ የሚሠራው ክፋቱን ምን ዓይነት ክፋት እንደሆነ ማሳየት ነው።

እኛ ደግሞ ጀግናን የምናውቀው ሲፎክር ነው። ፈረሱን ይጠራል፣ አባቱን ይጠራል፣ የጣለውን ይቆጥራል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚፎክረው የሚሸነፈው ነው። ወንድሜ ይህን ቶሎ ያዘው። አሁን ማን እንደሚሞት ቀድሞ የሚነግረኝ የንግግራቸውን ርዝመት እየለካ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል።

የዚያውን የኪንግ ሁን «ድራገን ኢን» (1967) ያየሁት በወረቀትና በእስክሪብቶ ነው። ታሪኩ በቻይና የሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በ1457 ነው። ሥልጣን የያዘ ጃንደረባ አንድ ታማኝ ሹም አስገድሎ ልጆቹን ወደ ድንበር አግዟል። የጃንደረባው ሰዎች ልጆቹን በመንገድ ላይ ለመጨረስ አንድ ማረፊያ ቤት ይዘው ይጠብቃሉ። እዚያ አንድ እንግዳ ብቻውን ይመጣል፤ ባለቤቱ ወዳጄ ነው ይላል። የለም ይሉታል፤ ቁጭ ይላል። የተመረዘ መጠጥ ያቀርቡለታል፤ አሁንም ቁጭ እንዳለ ነው። የቤቱን ፕላን ሳልኩ፦ በሩን፣ ደረጃውን፣ ጠረጴዛዎቹን። ከዚያ እያንዳንዱ የተቀመጠበትንና የሚያይበትን አቅጣጫ በቀስት አመለከትኩ። ማን ማንን እንደሚፈራ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ተዋናዮቹ ይህን ያለ ንግግር የሚያሳዩት በተቀመጡበት ቦታና በዓይናቸው ብቻ ነው።

የዚህ ፊልም ጃንደረባ፣ ባይ ዪንግ የሚጫወተው፣ ከወደድኳቸው ክፉዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ማንም ብቻውን አይችለውም። ግን አስም አለበት። ውጊያው ሲረዝም ቁና ቁና ይተነፍሳል። ያን ጊዜ ሳልወድ በግዴ አሳዘነኝ። እንግዳውን የተጫወተው ሺ ቹን ደግሞ ከ36 ዓመት በኋላ በሌላ ፊልም ይመጣል፤ በ2003 በወጣው የፃይ ሚንግ-ሊያንግ ሥራ ውስጥ፣ ሊዘጋ በደረሰ ሲኒማ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህንኑ «ድራገን ኢን» ያያል። ሁለቱን በተከታታይ ማየት ዋጋ አለው። በመጀመሪያ ግን የ1967ቱ ይቅደም።

የኪንግ ሁ «ኤ ተች ኦፍ ዜን» ደግሞ ትዕግሥት ይፈትናል። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ የመጀመሪያው የሰይፍ ግጭት ሳይመጣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ይቃረባል። ወንድሜ ሃያ ጊዜ ሰዓቱን አየ። «እኔ እምልሽ፣ እነዚህ ሰዎች የሚጋጠሙት ለፋሲካ ነው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። የቀርከሃው ጫካ ላይ ስንደርስ ግን ዝም አለ። ያ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚሆን ውጊያ ለመቀረጽ 25 ቀን ፈጅቷል። ፊልሙ በ1975 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የቴክኒክ ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ዋናዋ ተዋናይት ሹ ፌንግ ከላይ ስትወረወር የምናየው ከሰከንድ በሚያንሱ ቁርጥራጭ ምስሎች ነው። ፖዝ እያደረግኩ አንድ በአንድ ስሄድባቸው ዝላዩ የኤዲቲንግ ሥራ እንደሆነ ገባኝ። እንድናምነው የሚያደርገን ግን ፊቷ ነው። በአየር ላይ እንኳ ፊቷ አይረበሽም። (ይቺው ሴት በኋላ ፕሮዲውሰር ሆና በ1993 የካንን ወርቃማ ዘንባባ ያገኘውን «ፌርዌል ማይ ኮንኪዩባይን»ን አሠርታለች።)

መድረክ ላይ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዓይን ይቅደም፣ እጅ ይከተል። እጄን ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ለመድኩ። አዘጋጃችን አሁን ስለ እጄ ትቶ «ድምፅሽን ጨምሪ» ይለኛል።

ወንድሜ የሚወደው ሌላውን ወገን፣ የዳይሬክተር ቻንግ ቼ ፊልሞችን ነው። «ዋን አርምድ ስዎርድስማን» (1967) ሲጀመር ስልኩን ያስቀምጣል። እዚህ ዝምታው ሌላ ነው፤ ንዴት የታመቀበት ነው። ዋናውን ሰው የሚጫወተው ጂሚ ዋንግ ዩ የውሃ ዋና ሻምፒዮን ነበር፣ ገላውም ይናገራል። በፊልሙ ውስጥ የአገልጋይ ልጅ ነው፤ ሰይፍ የሚያስተምረው የጌታው ልጅ ተናዳ ቀኝ እጁን ትቆርጠዋለች። አንዲት የገበሬ ልጅ ታስታምመዋለች። በግራ እጁ፣ ከአባቱ በቀረ ስባሪ ሰይፍ ልምምድ ይጀምራል። ጠላቶቹ የጌታውን ተማሪዎች ረጅም ሰይፍ የሚቆልፍ መሣሪያ ሠርተዋል፤ የእሱን አጭር ስባሪ ግን መቆለፍ አይችሉም። ታሪኩ በሙሉ የሚዞረው በዚህች ብረት ላይ ነው። ዋንግ ዩም ያቺን ስባሪ ሲይዛት እንደ መሣሪያ ሳይሆን እንደ አባቱ እጅ ነው የሚይዛት። በመጨረሻ ጌታውን አድኖ፣ የቤቱን አለቅነት አልፈልግም ብሎ፣ ከገበሬዋ ጋር እርሻ ሊያርስ ይሄዳል።

«አክተሩ ገበሬ ሆኖ ይቅር?» አለኝ ወንድሜ።

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«በአንድ እጁ እንዴት ሊያርስ ነው?»

ለዚህኛው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።