ብቻችሁን ኒው ኦርሊንስ ስትሄዱ ከእሑዱ ሰልፍ ጀምሩ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበርም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ አሜሪካ የሚኖር ልጅ «ብቻዬን ልዝናና ልሄድ ነው» ብሎ ሲደውል፣ እናት መጀመሪያ የምትለው «ምነው ልጄ፣ ከሰው ተጣላህ እንዴ?» ነው። ብቻ መሄድ ግን ለእኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ለጠበል ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። እዚያ ደርሶ ስንቁን ፈትቶ ከጎኑ ለተቀመጠው ያልቆረሰ ግን ብቻውን እንደሄደ ብቻውን ይመለሳል።

ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለችው ኒው ኦርሊንስ ብዙ የእኛ ልጆች ከሂውስተን፣ ከዳላስና ከአትላንታ ይሄዳሉ። ሁለት ሌሊት ቦርቦን ስትሪት በሚባለው የመጠጥ ቤቶች መንገድ ላይ ያሳልፉና ማንንም ሳይተዋወቁ ይመለሳሉ። ቦርቦን ስትሪት የሚገኘው ሰው አብዛኛው ራሱ እንግዳ ነው፤ ድምፁም ለጨዋታ አይመችም። የከተማዋ ሰው የሚገኘው እሑድ ከሰዓት፣ ሰከንድ ላይን በሚባለው ሰልፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ወይም ዓርብ ገብታችሁ ሰኞ እንድትወጡ ቲኬት ቁረጡ።

ሰልፉን የሚያወጡት ሶሻል ኤይድ ኤንድ ፕለዠር ክለብ የሚባሉ ማኅበራት ናቸው። መነሻቸው ጥቁሮች በ19ኛው መቶ ዘመን ለሕመምና ለቀብር ያቋቋሟቸው መረዳጃዎች ስለሆኑ ቁርጥ የእኛ እድር ናቸው። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት አንድ እሑድ አለው፤ አባላቱ ለዚያ ቀን አዲስ ልብስ ያሰፋሉ፣ ማርሽ ባንድ ይቀጥራሉ፣ ሰፈራቸውን ይዞራሉ። ክለቡና ባንዱ የፊተኛው መስመር ናቸው። ከኋላ የሚከተለው ሕዝብ ሁለተኛው መስመር ይባላል፤ እዚያ ለመግባት ቲኬትም ግብዣም አያስፈልግም። ወቅቱ ከነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ እስከ ሰኔ ነው፤ በሐምሌው ሙቀት ያርፋል። የየሳምንቱን መነሻ፣ መንገድና ማረፊያ ደብልዩ ደብልዩ ኦ ዜድ፣ 90.7 ኤፍኤም የተባለው የከተማዋ የሙዚቃ ሬዲዮ በድረ ገጹ ያወጣል። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ፈልጉት።

በሀበሻ ሰዓት ከቀኑ 6 ወይም 7 ይነሳል፤ ለ4 ሰዓት ያህል ይሄዳል። አስፋልቱ በብዙ ቦታ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ አዲስ ጫማ አታድርጉ። መንገድ ላይ ውኃና ምግብ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ሰልፉ ብዙ ጊዜ በተነሳበት ቦታ ስለማያልቅ ማብቂያውን አስቀድማችሁ ካርታ ላይ እዩ። አለዚያ ደክሟችሁ፣ ስልካችሁም ባትሪ ጨርሶ በማታውቁት ሰፈር ትቀራላችሁ።

እስክስታችሁን አትደብቁ። የሸዋ ትከሻ ከትሮምቦንና ከከበሮ ጋር ሲገጥም አጠገባችሁ ያለው ሰው ራሱ «ይሄ የየት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን አባላቱ የሚጨፍሩበት ቦታ ብዙ ጊዜ በገመድ ይከለላል፤ ከገመዱ ውስጥ አትግቡ። ፎቶ ለማንሳት ፊታቸው ላይ መደቀንም ነውር ነው። ሰልፉ በየማረፊያው ቆም ሲል ነው ሰው የሚተዋወቀው። ውኃ ስትገዙ ሁለት ግዙና አንዱን ለአጠገባችሁ ሰው ስጡ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ቀጣዩ መታጠፊያ የት እንደሆነ፣ ማታ የትኛው ባንድ እንደሚጫወት ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

ለማታው ፈረንችመን ስትሪት ይሻላል። በአንድ አጭር መንገድ ላይ የተደረደሩ የሙዚቃ ቤቶች አሉ። ብሉ ናይል የሚባለውን ስታዩ ልባችሁ ይደሰት ይሆናል፤ ግን የሙዚቃ ክበብ እንጂ የሐበሻ ምግብ ቤት አይደለም። በር ላይ የማያስከፍል ቤት በእያንዳንዱ የሙዚቃ ዙር ቢያንስ አንድ መጠጥ እንድታዝዙ ይጠብቃል፤ ለስላሳም ይሆናል። ከ21 ዓመት በታች የማያስገቡ ቤቶች ስላሉ መታወቂያ ያዙ። ለማይጠጣ ሰው ከሁሉ የሚመቸው በ1961 የተከፈተው ፕሪዘርቬሽን ሆል ነው፤ መጠጥ አይሸጥበትም፣ ልጅም ይገባል፣ ዝግጅቱ 45 ደቂቃ ያህል ነው፣ በዝግጅት ላይ ፎቶና ቪዲዮ ክልክል ነው። ቲኬት ቀድማችሁ ቁረጡ፤ ሰዓቱ ሳይደርስም ወረፋ ያዙ። ብቻውን ለመጣ ሰው ወረፋው ራሱ ጥቅም አለው፤ የፊትና የኋላ ሰው ሥራ ፈትቶ የቆመ ስለሆነ «ከየት መጣህ?» ማለቱ አይቀርም።

የሽልማት ነገር በደንብ ይታወቅ። እኛ ጋ ገንዘብ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ እዚያ ሙዚቀኛውንም መሣሪያውንም መንካት አይገባም። ባልዲ ወይም ማሰሮ ይዞራል፣ እሱ ውስጥ ይጣላል። በር ላይ ካልከፈላችሁ ለአንድ ዙር 5 ወይም 10 ዶላር ተገቢ ነው፤ አብዛኛው የሙዚቀኛው ገቢ ከዚያ ነው። ለአሳላፊ በአንድ መጠጥ 1 ወይም 2 ዶላር። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት 40 ዶላር በአንድና በአምስት ኖት ዘርዝሩ። ሳይሰጡ ቪዲዮ ብቻ የሚቀርጹትን ሙዚቀኞቹ ለይተው ያውቋቸዋል፤ ለሚሰጥ ግን በእረፍት ሰዓት መጥተው ያመሰግናሉ።

ያ እረፍት ወርቃማ ጊዜ ነው። ፒያኖ ወይም ሳክስፎን ለሚጫወት ሰው ስለ አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ስለ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ንገሩት። ትዝታ ሜጀር በሲ ሲጀመር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ አምስቱን ድምፅ ብቻ ንገሩት፣ እዚያው ይሞክረዋል። የሙላቱ አስታጥቄን ስም የሚያውቅ የጃዝ ሙዚቀኛ ማግኘት አይቸግርም። የማርሽ ባንድ ወዳድ ከሆነ ደግሞ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወጣቶች፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ የቤተ መንግሥት የነሐስ ባንድ እንደሆኑ ንገሩት። ከእንዲህ ያለ ጨዋታ በኋላ ስልክ መለዋወጥ ቀላል ነው።

ማደሪያ ሆስቴል ምረጡ፤ የጋራ ወጥ ቤት አለው። ከቤት ሩብ ኪሎ የተቆላና የተፈጨ ቡናና ግማሽ ኪሎ የገብስ ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ። ቡናውን እዚያ ለመቁላት አትሞክሩ፣ ዕጣንም አታጭሱ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮሆ ቤቱን ሁሉ ያስወጣል። ጀበና ባይኖር በድስት አፍልታችሁ አጥልሉት። ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰው እየተነሳ ሲመጣ አቦሉን ቅዱ። ሦስተኛው ሳይደርስ የቀኑ መንገደኛ ቡድን ይመሠረታል። የከተማዋ ቡና ቺኮሪ የሚባል ተክል የተቆላ ሥር የተቀላቀለበትና በወተት የሚጠጣ ስለሆነ፣ ያለ ወተት ለለመደ ይመርራል።

በምግብ በኩል ጠንቀቅ በሉ። ሰኞ ሰኞ የሚበላው ቀይ ቦሎቄና ሩዝ የጾም ይመስላል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሳማ ሥጋ ነው የሚበስለው። ጋምቦ የሚባለው ወፍራም ሾርባም ቋሊማ ወይም ሽሪምፕ አያጣም። «ሥጋ አለው?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ አንዳንዱ አስተናጋጅ ለጣዕም የገባውን ሥጋ አይቆጥረውም። አሳማ፣ ቋሊማና የሥጋ መረቅ ብላችሁ በስም ጠይቁ። ለጾመኛ ሆስቴል ውስጥ ምስር መሥራት ይቀላል። ማርዲ ግራ የሚባለው የከተማዋ ትልቅ የካርኒቫል በዓል የሚውለው ከፈረንጆቹ ፋሲካ 47 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ሁዳዴ ደግሞ ከእኛ ፋሲካ 55 ቀን ቀድሞ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው ሁለቱ ፋሲካዎች ሲገጥሙ ማርዲ ግራ የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ይውላል። የሚጾም ሰው ለዚያ በዓል ባይቸኩል እንመክራለን፤ ዋጋውም ያኔ ይሰቀላል።

ጥቅምትና ኅዳር ለደጋ ሰው የተመቹ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የኒው ኦርሊንስ ከፊሏ ከባሕር ወለል በታች ናት። በሐምሌ ያለው ወበቅ ሸዋ ሮቢት ያደገውን እንኳ ይጥለዋል። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ገንዘቡ የሚመለስ ቲኬት ይሻላል። ከሂውስተን 350 ማይል ያህል ነው። ባቡሩ ከዚያ በሳምንት 3 ቀን ብቻ ስለሚሄድ ቀኑን አረጋግጡ፤ ከዋሽንግተንና ከአትላንታ ግን በየቀኑ አለ። ከተማ ውስጥ ከ1835 ጀምሮ የሚሠራው የሴንት ቻርልስ ትራም 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ መልስ አይሰጥም።

መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚው ሰላም ይላችኋል፤ መልሱለት። ትልልቅ ሴቶች «ቤቢ» ሲሏችሁ እንደ «የኔ ልጅ» ውሰዱት። አንድ ሰው ግን «ጫማህን የት እንዳገኘኸው አውቃለሁ፣ እንወራረድ» ካለ አትቁሙ። መልሱ «እግርህ ላይ ነው ያገኘኸው» የሚል ነው፤ ከዚያ 20 ዶላር ይጠይቃል። እኛ ሰው አናግሮን ዝም ብሎ ማለፍ ስለሚከብደን በዚህ ቶሎ እንያዛለን።

ሌሊት ስትመለሱ በእግር አትሂዱ፤ መኪና ጠርታችሁ ግቡ። ለደኅንነታችሁ ደግሞ አገር ቤት ያለው ሰው ይጠቅማችኋል። በጥቅምት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከሙዚቃ ቤት ስትወጡ ደብረ ብርሃን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። እናትም ታናሽ ወንድምም ተነስተዋል። የመኪናውን ታርጋ በቴሌግራም ላኩና እስክትገቡ በስልክ አጫውቷቸው። ከኅዳር መጀመሪያው እሑድ በኋላ ሰዓታቸው ስለሚቀየር እዚያ 2 ሰዓት ይሆናል።

የተዋወቃችኋቸውን ሰዎች እንደገና ማግኘት ከፈለጋችሁ የክለቡን ስም ጻፉ። እያንዳንዱ ክለብ በየዓመቱ በወቅቱ ተቀራራቢ እሑድ ላይ ስለሚወጣ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ፈቃዳችሁን በዚያ ሳምንት አስመዝግቡ።