ውሃ የምትጨርስ መኪና፦ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከመቃጠሉ በፊት ምን ያሳያል

መኪናችሁ ውሃ እየጨረሰች መሬት ላይ ግን ጠብታ ካላያችሁ ይሄን አንብቡ፣ እኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ብር ይተርፈኝ ነበር። ሰው ሁሉ "ጌጁን እይ፣ ሙቀት ካልወጣ ሰላም ነው" ይላል፣ እኔ በዚህ ጨርሶ አልስማማም። ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ብሎክና ከላዩ በሚገጠመው ክዳን፣ በቴስታታው፣ መሃል ያለው ማሸጊያ) መልቀቅ ሲጀምር ጌጁ መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው፣ እንደውም ውሃው በጣም ከጎደለ ሴንሰሩን የሚነካው ውሃ ስለሌለ መርፌው ወርዶ ሊያታልላችሁ ይችላል።

እውነቱ የሚታየው ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ነው። አስነሱና የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨብጡት። ውሃው ገና ሳይሞቅ ጎማው ወዲያው ድርቅ ካለ ግፊቱ ከየት መጣ? ከሲሊንደር ነው። ሌላው፣ ጠዋት ስትነሳ በሶስት እግሯ (አንዱ ሲሊንደር ሳይሰራ) እየተንገጫገጨች ትንሽ ቆይታ የምትስተካከል ከሆነ ሌሊቱን ውሃ አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ካንዴላዎቹን (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚሰጡትን) አስፈቷቸው፣ ሶስቱ ጠቆር ብለው አንዱ ብቻ ታጥቦ የወጣ ከመሰለ ያቺን ሲሊንደር ጠርጥሩ። ራዲያተሩን በቀዝቃዛው ከፍታችሁ (በሙቁ በፍጹም!) አስነስታችሁ ስታዩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አረፋ ሊኖር ይችላል፣ የማያቋርጥ ከሆነ ግን ነገሩ አልቋል።

ጅማ ላይ ደሞ የሚያሳስት ነገር አለ። በክረምት ጠዋት ሁሉም መኪና ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ሲሞቅ ከጠፋ እርጥበት ነው፣ ሞቆም ካልጠፋና፣ በውሃ ፈንታ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው ነው የሚያስፈራው። የዘይት ክዳን ስር ወተት የመሰለ ነገር አይታችሁም ቶሎ አትደንግጡ፣ እዚሁ ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ አጭር መንገድ ብቻ የምትመላለስ መኪና በዝናብ ጊዜ ታመጣዋለች። ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) አውጡ፣ እሱም ላይ ወተት ከሆነ ግን አትንዱ፣ ውሃ የገባበት ዘይት ብሮንዚኑን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት) ይበላዋል።

የኔ ኮሮላ እነዚህን ሁሉ ስታሳይ ይዣት የሄድኩት ጋራዥ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥቶ ጣለው። "ጅማ ሙቀት ስለሆነ አያስፈልግም" አለኝ። ይሄ አገር ምድሩ የሚሰራው ስራ ነው ግን ልክ አይደለም፣ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ አይደርስም፣ ነዳጅ ትበላለች፣ አንዳንድ ሞተር ላይ ደሞ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ አቋርጦ ስለሚመለስ ጭራሽ ያግላል። ቀጥሎ ራዲያተር ታጠበ፣ የውሃ ፓምፕ ተቀየረ፣ ውሃው መጉደሉን አላቆመም። በመጨረሻ ቴስታታው ይፈታ ተባለ።

እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቴስታታው ወረደ፣ መካኒኩ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አደረገውና አዲስ ጓርኒሲዮን ሊጭን ሲል "ወንድሜ፣ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት) አይታይም እንዴ?" አልኩት። "በዓይኔ አየሁት፣ ቀጥ ያለ ነው" አለኝ። ብዙ ሞተር ላይ ቴስታታ እንዲጣመም የሚፈቀደው 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ይሄ ከፀጉር ይቀጥናል፣ በየትኛው ዓይን ነው የሚታየው? ብሎኖቹንም ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቃቸው። ጅማ ውስጥ ደህና ነበረች፣ አዲስ አበባ ልሄድ ብዬ ጊቤን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ የሚወጣው ዳገት ላይ እንፋሎቱ ኮፈኑን ሸፈነው። ስመለስ ጋራዡ ምን አለኝ? "ጓርኒሲዮኑ ፎርጅድ ነው፣ ከሸጠልህ ሰው ጋር ተነጋገር።" የእጅ ዋጋ ደሞ እንደገና ጠየቀ!

ሌላ መካኒክ አስፈታሁና ቴስታታውን ራሴ ተሸክሜ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ቀጥ ያለ ብረት ጋደም አድርጎበት ከኋላ በባትሪ አበራ፣ በሁለተኛውና በሶስተኛው ሲሊንደር መሃል ብርሃኑ ሾልኮ ወጣ። "ጋሼ፣ ይሄ ነው?" ስለው ፊለር ጌጁን (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ከስሩ አስገባና ወዲያ ወዲህ አንሸራሸረው። ያረጀውን ጓርኒሲዮን ስናስተያየው የተቃጠለው ጥቁር መስመር ልክ እዛው ቦታ ላይ ነበር። ብረትና አሉሚኒየም እኩል አይለጠጡም፣ ብሎኳ ብረት ቴስታታዋ አሉሚኒየም የሆነች መኪና አንዴ በደንብ ከጋለች መጣመም ያለ ነው። ስንጥቅ እንደሌለው በግፊት ተፈተሸ፣ ፊቱ ተላገ።

ሲገጠም አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ቢሰለቸውም አልሄድኩም። ብሎን ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር በየተራ፣ አንዴ ሳይሆን በደረጃ፣ በቶርክ ሬንች (የሚያጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ ማኑዋሉ በሚለው ቁጥር። ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ፣ ቴርሞስታት ተመለሰ፣ የቧንቧ ውሃ ቀርቶ ኩላንት ገባ፣ አየሩ ወጣ። ከዛ ወዲህ ውሃ አልጎደለም፣ በዚህ ስራ እኮራለሁ።

ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውን ራዲያተር የሚደፍን ፈሳሽ አትጨምሩ፣ ራዲያተሩንም ይደፍነዋል። ቶርክ ሬንች የሌለው ጋራዥ ቴስታታችሁን እንዳይነካ፣ ያረጀውን ጓርኒሲዮን ደሞ ሳትቀበሉ ሂሳብ አትክፈሉ።