ማዲያቱ አልነበረም ያቃጠለኝ

ይኼን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ጆሮዬን ይዞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ስለምቆጭ ነው። ፊቴ ላይ ማዲያት ወጣ። ማዲያቱ ግን ምንም አላደረገኝም፤ አያምም፣ አያሳክክም። ያቃጠለኝ እሱን ለማጥፋት የተቀባሁት ነገር ነው።

የጀመረኝ በ2013 ዓ.ም. የስድስት ወር እርጉዝ እያለሁ ነው። መጀመሪያ የወጣው ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ነበር። ቡና ጠጥቼ ያልጠረግኩት መስሎኝ በመሀረብ ስፈትገው ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ ሁለቱ ጉንጮቼ ላይ መጣ፣ ግራና ቀኙ የተለካ ይመስል እኩል። እናቴ «ስትወልጂ ይጠፋል» አለች። ጎረቤት ደግሞ ወንድ ነው፣ ሴት ናት እያለ በፊቴ ይወራረዳል። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስም እንደ እናቴ «ስትወልጂ ይጠፋል» ብላ ሸኘችኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ብዙ ሴቶች ላይ ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራት እየለቀቀ ይሄዳል። የኔም ግማሽ ያህል ለቆ ነበር። ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ ከበፊቱም ጠቆረ። ምክንያቱን ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

አንደኛው ልጄን ፀሐይ ሳሞቅ ነው። ሁላችንም እንደምናደርገው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደጃፍ ቁጭ እላለሁ፤ ልጁ ልብሱን አውልቆ ጭኔ ላይ፣ ዓይኑ ላይ ነጠላዬን ጣል አድርጌለት። የልጁን ፊት እየጋረድኩ የራሴን ለፀሐይ ሰጥቼ አንድ ዓመት ሙሉ! አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት የሚባለው ቆዳ የሚጎዳ የፀሐይ ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ነው የምንሸወደው። ልጁን ማሞቁን ተዉት እያልኩ አይደለም። እናንተ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፣ ባርኔጣ አድርጉ፣ በቃ።

ሁለተኛው እንክብሉ ነው። ልጄ ዓመት ካለፈው በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ጀመርኩ። ደም ግፊቴን ለኩኝ፣ ራስ ምታት አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ፊቴን ግን ማንም አላየውም። ማዲያት ያለባት ሴት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበትን እንክብል ስትውጥ ሊብስባት ይችላል። ይኼን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔም አልጠየቅኩም፣ ያው።

ሎሚ ቀባሁ፣ እርድ በማር ቀባሁ፣ የእንቁላል ነጭም ሞከርኩ። ሎሚውን በተለይ አትንኩት፤ ፀሐይ ሲያገኘው ራሱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ያጠቁራል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ጠቅላላ ሐኪም አየኝ። «ይኼ የቁንጅና ጉዳይ ነው እንጂ በሽታ አይደለም» ብሎ ቫይታሚን ጻፈልኝ። ቀና ብሎ ያየኝ እንኳን አይመስለኝም። ለቆዳ ሐኪም በመንግሥት ሆስፒታል የተሰጠኝ ቀጠሮ ከሁለት ወር በላይ ነበር። ያቺን ሁለት ወር ብታገስ ኖሮ!

አልታገስኩም። ፀጉር ቤት ነው ጉዱ የጀመረው።

ሁሌ የምትሠራኝ ልጅ ፊቴን በመስታወት አይታ «ውይ የኔ ቆንጆ፣ ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቂው? ቅልቅል አለኝ» አለች። ከጓዳ አንዲት ትንሽ ነጭ ብልቃጥ አመጣች። ምንም ጽሑፍ የለባትም። ክዳኗ ላይ በእስክሪብቶ «ማታ» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላ ነገር የለም። እኔ ገበያ ላይ የወተት ቀን አገላብጬ የማይ ሰው፣ ምን እንዳለበት ሳልጠይቅ 400 ብር ከፍዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሠራ። ችግሩም እሱ ነው። በአሥር ቀን ማዲያቱ ሳሳ፣ ፊቴ በሙሉ ቀላ፣ አበራ። መሥሪያ ቤት «ምን ተገኘ?» ይሉኛል። ባለቤቴ እንኳን፣ ፀጉሬን ብቆረጥ የማያስተውለው፣ «አማረብሽ» አለኝ። ሁለተኛ ብልቃጥ ገዛሁ፣ ሦስተኛም። ለእህቴም አንድ ገዛሁላት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሦስተኛው ወር ላይ ምጣድ ፊት መቆም አቃተኝ። እንጀራ ልጋግር ክዳኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን እንደ በርበሬ ይለበልበኛል። ጉንጬ ላይ እንደ ቀይ ክር የሚሄዱ ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ። አገጬ ላይ ብጉር ፈላ፣ ጆሮ ግንዴ ላይ ፀጉር መብቀል ጀመረ። ልጅቷ ጋ ስሄድ «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ቀጥይ» አለችኝ። ይኼን ዐረፍተ ነገር የሰማ ሰው ካለ ከዚያው ይሩጥ።

እኔ ቀጠልኩ። ከዚያ ቤት መጥበስና መጋገር ሲከብደኝ ፈራሁና ቅልቅሉን በአንድ ጊዜ ተውኩት። በአራተኛው ቀን ፊቴ አበጠ። ቀላ፣ ውሃ ቋጠረ፣ ተላጠ። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበር፤ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ጥግ ተቀምጬ ዋልኩ። ያየኝ ሁሉ ሐዘንተኛ መስዬው «ማን ሞተባት?» እያለ ሲጠይቅ ነበር አሉ።

ይባስ ብሎ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለሙያው ቆጣሪው ላይ ተደግፎ ፊቴን አየና «አለርጂ ነው» አለ። ማዘዣ አልጠየቀኝም፣ ምን ስትቀቢ ነበር ብሎም አልጠየቀኝም። ቤታሜታዞን ሰጠኝ፣ ስቴሮይድ ከሚባሉት የቆዳ ቁጣ የሚያበርዱ ቅባቶች አንዱን። ስቀባው ወዲያው በረደልኝ፣ መረቅኩት። መብረዱ ምን ይደንቃል? ያው የቅልቅሉ ዘመድ ነው! ጭራሽ ያቆምኩትን ነገር በሌላ ስም እንደገና መጀመሬ ነበር። አምስት ሳምንት እንደዚያ ከረምኩ። ስተወው ይነዳል፣ ስቀባው ይበርዳል። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ተምሮ፣ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ያቃተው ሰው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ፀጉር ቤቷን ልጅ ከሱ ይልቅ ይቅር ማለት ይቀለኛል።

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ጋ በግል ሄድኩ። ገንዘቡ አመመኝ፣ ግን ሄድኩ። ስደውል ጸሐፊዋ «የተቀባሽውን ሁሉ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። በፌስታል ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሐኪሟ ብልቃጧን ከፍታ አሸተተች፣ ቤታሜታዞኑን አየች፣ አክስቴ ከዓረብ አገር የላከችልኝን ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ማንጫ ሳሙና ለብቻው ገለል አደረገች። ሳሙናው ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል አለች። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሚናማታ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ያሉ ማንጫዎች ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲያ እንዲቀሩ ተብሏል፣ ሻንጣ ውስጥ ግን አሁንም ይመጣሉ። ከዚያ ፊቴን በመብራት አይታ «አሁን ያለብሽ ማዲያት ሳይሆን ክሬም ነው» አለችኝ።

ቅልቅል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም እሱን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ በሎሽን የተለወሰ ነው። ስቴሮይድ የደም ሥር ያጠባል፣ ቀለሙን ያሳሳል፣ ስለዚህ ፊት ይቀላል። ውሎ ሲያድር ቆዳውን ራሱን ያሳሳዋል። ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒትም ይጨምሩበታል፤ እሱ ደግሞ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፣ ያ ከማዲያቱ በላይ ለመልቀቅ ይከብዳል።

ሕክምናው አሰልቺ ነበር። ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ አስቆመችኝ፣ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሰጠችኝ፣ ከዚያ ቫዝሊን ብቻ። አራት ወር ቫዝሊን! ማዲያቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ እያየሁት ምንም አለማድረግ ነበረብኝ። እንክብሉንም በሌላ መከላከያ ለወጥን። ቆዳዬ ሲረጋ አዜላይክ አሲድ ጀመርኩ፤ እርጉዝ ሴትም ልትቀባው የምትችለው እሱ ነው። ቀጥሎ ለስምንት ሳምንት ሦስት ነገር አንድ ላይ ያለበት ክሬም አዘዘችልኝ፦ ሃይድሮኪኖን፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነው ትሬቲኖይንና ስቴሮይድ። ስቴሮይድ የሚለውን ሳነብ ተነስቼ ልወጣ ነበር። «ያው እሱ አይደል እንዴ?» አልኳት። ደከም ያለ ስቴሮይድ ነው፣ መጠኑ ይታወቃል፣ የምናቆምበት ቀን ይታወቃል፣ በየወሩ አይሻለሁ አለችኝ። ትሬቲኖይን በእርግዝና ጊዜ እንደማይቀባም ያኔ ነው የነገረችኝ።

ስለ ፀሐይ መከላከያ የራሴ አቋም አለኝ። ሁሉም ማሸጊያው ላይ ያለውን የመከላከል አቅም ቁጥር (SPF) ነው የሚያወራው፣ 30 ነው 50 ነው እያለ። ከ30 በላይ ከሆነ ለኔ በቂ ነው። ለማዲያት ወሳኙ ቀለም ያለው መሆኑ ነው፣ ያ ቡናማ የሚመስለው፣ አይረን ኦክሳይድ ያለበት። ማዲያትን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ብቻ አይደለም፣ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ነው፤ ነጩ ክሬም ደግሞ እሱን እምብዛም አይመልስም። በየሁለት ሰዓቱ ደግማችሁ ተቀቡ ይላሉ። ትክክል ነው፣ ግን በዚህ ዋጋ ማን ይችለዋል? እኔ ጠዋትና ምሳ ሰዓት በሁለት ጣት ርዝመት እቀባለሁ፣ ቀሪውን ባርኔጣና ጃንጥላ ይሸፍነዋል። ታክሲ ውስጥ መስኮት ሥር አልቀመጥም፣ መስታወት ሁሉንም ጨረር አያስቀርም። ሰው በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ስዘረጋ ይስቃል። ይሳቅ።

በነገራችን ላይ ፊት ላይ የወጣ ጥቁር ነገር ሁሉ ማዲያት አይደለም። ብጉር ጥሎት የሚሄድ ጥቁረት አለ፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይለቃል። አንገት ላይ ወፈር፣ ሻከር ያለ ጥቁረት ካያችሁ በሳሙና አትፈትጉት፣ ስኳር ተመርመሩ። ነጣ ያለ ቦታ ወጥቶ ሲነኩት የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ለነገ አትበሉት፤ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት አለው፣ ቶሎ ሲደረስበት ነው ጥሩው። ቋቁቻ ሌላ ነው፣ ፈንገስ ነው፣ እሱም በስቴሮይድ አይነካም።

ዛሬ ማዲያቴ ከንፈሬ ላይ በስሱ አለ። ጥቅምትና ኅዳር ይበረታል፣ ክረምት ይሳሳል። የደም ሥሮቹ አንድ ሁለቱ አልጠፉም። እህቴ ብልቃጧን ገና ሳትከፍታት ደርሼ ጣልኩላት፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ የምኮራበት እሱን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፀጉር ቤቷን ልጅ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ባርኔጣዬን ቀና አድርጋ ጉንጬን አየችና «አላልኩሽም? ጊዜ ነው እንጂ የሚፈልገው ቅልቅሉ ፍቱን ነው» አለችኝ። ሰው አለ፣ ታክሲውም ደረሰ፣ ፈገግ ብዬ ገባሁ። ከኋላዋ የቆመችው ልጅ «የምን ቅልቅል?» ብላ ስትጠይቃት በመስኮት ሰማሁ።